ለሁለት የተቀደደው ሌሶ

ጁን 4፣ ቅዳሜ

ሊቀመንበር ላሊ የፓርቲውን መርሆች ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎልኝ ሄደ። አርባ ገጽ፣ በእንግሊዝኛ፣ ናይሮቢ ተጽፎ የመጣ። «ሚሺ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ መጽሔት ላይ የሰው ባልና ሚስት ስታስታርቂ የኖርሽ ነሽ። ይቺን ወረቀት ደግሞ ከምቶንዶኒ ሴቶች ጋር አስታርቂልኝ» አለኝ።

ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። የድካሜንም ዋጋ ቁርጥ አድርጎ ነግሮኛል። ፓርቲያችን አምስት ቀበሌ ካሸነፈ በምክር ቤቱ አንድ የሴት ወንበር ይጨመርለታል፤ ለወንበሩ የሚጻፈው ስም የእኔ ነው። አራቱ ቀበሌዎች በእጃችን ናቸው ይላል። አምስተኛዋ የእኛዋ ምቶንዶኒ ናት። «ቃሌ ነው» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። «አክስት ሚሺ ትመልሳለች» ከሚለው ዓምድ ሌላ በስሜ የተጠራ ነገር የለኝም። ወንበር ያምረኛል ብል ምን ነውር አለው?

ጁን 9፣ ሐሙስ

አርባውን ገጽ ሦስቴ አነበብኩት። የጻፈው ሰውዬ ማን እንደሆነ ባላውቅም ሚስት እንደሌለው አውቄያለሁ። ሚስት ያለው ሰው እንዲህ አያወራም። «ፍትሐዊ የሀብት ተደራሽነት» ይላል። ይሄን የሰፈራችን ቧንቧ ጋ ቆሜ ለአሮጊቷ ቢ ቲማ ብነግራት «ልጄ፣ አሞሻል?» ነው የምትለኝ።

ሲጨመቅ ግን ውስጡ ጥሩ ነገር አለው። የሕዝብ ሥራ በሕዝብ ፊት ይነገር። ሴት የምትነግድበት ቦታ በስሟ ይጻፍ። ውሃም ሆነ ሥራ በዘመድ ሳይሆን በወረፋ ይሁን። ሦስቱንም አምናለሁ። ይሄን የጻፍኩት ማንም ስለማያነበው ነው፤ በአደባባይ ብናገረው ቅስቀሳ ይመስላል።

ጁን 14፣ ማክሰኞ

ሥራዬን የምሠራው በራሴ መንገድ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ቧንቧው ጋ ለሁለት ሴቶች ጣል አደርጋለሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ከማላውቀው ሰው አፍ ተመልሶ ከመጣ ሕይወት አለው። ካልመጣ ሞቷል፣ እቀብረዋለሁ።

አራት ቀበርኩ። ዛሬ ግን ጄሪካኔን ይዤ ስጠብቅ የውሃ ኮሚቴው ሰውዬ እህት እንደልማዷ ከኋላ መጥታ ፊት ልትቆም አለች። አንዲት የማላውቃት ልጅ ያዘለች ሴት ክንዷን ያዝ አድርጋ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ፣ «እህቴ፣ ውሃው የሁላችን፣ ወረፋው የሁላችን» አለቻት። ሴትዮዋ ወደኋላ ተመለሰች። ተመለሰች!

የእኔ ዓረፍተ ነገር ነው። ጄሪካኔን ሳልሞላ ቤቴ ገባሁ።

ጁን 19፣ እሁድ

ምዋናኮምቦ ጋ ዋልኩ። ለቀበሌው የምትወዳደረው እሷ ናት። ወደቡ ላይ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ፣ ባሏ ባሕር ላይ የቀረባት፣ ሦስት ልጅ ብቻዋን ያሳደገች። ወደ ፖለቲካው የጎተትኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስለምናት «አክስት ሚሺ፣ እኔ ከዓሣ ጋር ነው የማወራው፤ ዓሣ ደግሞ አይመልስም» ብላኝ ነበር። አሁን ሰው ፊት ስትቆም ዝም ብሎ ይሰማታል። ያስተማርኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከማውራትሽ በፊት የምታወሪላትን አንዲት ሴት ምረጪ፣ ዓይኗን እያየሽ ተናገሪ።

ሌሶ፣ ሴቶቻችን የሚያገለድሙትን ባለ ጽሑፍ ጨርቅ፣ እናሳትም የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት። ወረቀት ዓሣ መጠቅለያ ይሆናል፣ ሌሶ ግን ይለበሳል። ጫፉ ላይ የታተመውን ቃል ባልም ያነበዋል፣ አማትም ታነበዋለች፣ ጎረቤትም ማድ ቤት በር ላይ ቆማ ታነበዋለች። የእኔን ዓረፍተ ነገር እናትመዋለን። ላሊ ተስማምቷል።

ጁን 27፣ ሰኞ

ስሜ የለም።

የእጩዎቹ ዝርዝር የፓርቲው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የሴት ወንበር፦ ሻምሳ። የላሊ ሚስት ታናሽ እህት። ሞምባሳ ቁንጅና ቤት ያላት፣ ምቶንዶኒ ቧንቧ የት እንዳለ የማታውቅ ሻምሳ።

ላሊን ጠየቅሁት። «ሚሺ፣ ከላይ የመጣ ነው፣ እጄ የለበትም» አለኝ። ከላይ የመጣው ከሚስቱ አልጋ ነው። «አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ትረጂያለሽ» አለኝ። ተረድቻለሁ።

«እንኳን ደስ አላት» አልኩና ወጣሁ።

በኋላ፣ የዚያው ቀን

እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል። ወረፋው የሁላችን ብዬ የጻፍኩት እኔ፣ ወረፋዬን የወሰደብኝ ሰው ያንኑ ሊያሳትም ነው። በሌላ ሰው ላይ የደረሰ ቢሆን እስቅ ነበር። 

ሰው ሲደፍረኝ አልጮህም። እናቴ «ሚሺ ቂሟን እንደ ዓሣ ታደርቃለች፤ ጨው ነስንሳ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ዓመት አይበላሽም» ትለኝ ነበር። ዓምዴ ላይ ስንቷን የተከዳች ሴት «ይቅር በይ፣ ጊዜ ይፈውሳል» ብያታለሁ። ሁሉንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጊዜ አይፈውስም።

ላሊም ሻምሳም ማየት ያለባቸውን ያያሉ።

ጁላይ 2፣ ቅዳሜ

የላሊ ወንድም ልጅ ሠርግ። ሻምሳ አዲስ ሌሶ ለብሳ፣ ጫፉን እኔ እንዳነበው አድርጋ ትከሻዋ ላይ ዘርግታ፣ ሦስቴ ከፊቴ አለፈች። «ምቀኛ ሲያይ ያድራል» ይላል። የእኔ ደግሞ «የሳቀልሽ ሁሉ ወዳጅሽ አይደለም» ይላል፤ አስቤበት ነው የለበስኩት። ሴቶቹ እያዩ ክርናቸውን ይነካካሉ።

ቢ ቲማ አጠገቤ ተቀምጣ ሩዟን እየበላች፣ «እናንተ ሁለታችሁ ሳትነጋገሩ ብዙ አወራችሁ» አለችኝ።

«ምን አወራን?»

«የልጅ ነገር። ለአንዲት ወንበር ነው እንዲህ የምትሆኚው?»

ቢ ቲማ ሰማንያ ሞልቷታል። ወንበር ሲወሰድባት አላየችም፤ ተሰጥቷትም አያውቅም።

ጁላይ 3፣ እሁድ

ሙቲንዳ ደወለ። ናይሮቢ ያለው፣ የቅስቀሳ ዕቃ የሚያዘጋጀው ወጣት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ግን የባሕር ጠረፍ ሰው አይደለም። ሌሶው ታትሞ ደርሷል። ላሊ ግን ለሁለት እጥፍ ሴቶች ይዳረስ ብሎ አዟል።

«አክስት ሚሺ፣ ጨርቁ ሁለት ሁለት ሆኖ ተያይዞ ነው የሚመጣው። መሐሉን ቀደን ለእያንዳንዷ አንድ አንድ ብንሰጥ ሴቶቹ ቅር ይላቸዋል? እኔ አላውቅም፣ እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«እናንተ ታውቃላችሁ» አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም።

ደሞስ ምን እንድል ነው? ሠራተኛቸው ነኝ እንጂ እናታቸው አይደለሁም። ወንበር የሌለው ሰው ምክርም የለውም።

ጁላይ 5፣ ማክሰኞ

የሌሶው ማከፋፈያ ለዒዱ ዋዜማ ሆኗል። ማን እንዳሰበው እንጃ። ጥሩ ሐሳብ ነው።

ምዋናኮምቦ በደስታ አበደች። «ለበዓል ሲለብሱት ታስቢዋለሽ? መስጊዱ በር ላይ ሙሉ ያንቺ ቃል።» ሌሶው ተጠቅልሎ ስለሚመጣ አላየችውም። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «ዓሣው እያረረብሽ ነው» አልኳት።

ማረሩ እውነት ነው።

ጁላይ 8፣ ዓርብ። ዋዜማ

ሆነ።

ወደቡ ላይ አራት መቶ ሴት። ሙዚቃ፣ ድንኳን፣ ላሊ ረጅሙን ነጭ የካንዙ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻምሳ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ። ሻምሳ ናት በእጇ የምትሰጠው፤ ፎቶ እንድትነሳ። የመጀመሪያዋ ሴት ተቀበለች፣ ዘረጋች፣ አገላበጠች፣ ሁለተኛውን ፈለገች። ከሻምሳ እጅ ስር ጎንበስ ብላ ሣጥኑን አየች።

«ሌላውስ?»

«ይሄ ነው እናቴ» አለች ሻምሳ። ሞምባሳ ስትኖር ምን ነካት? ሌሶ ጥንድ መሆኑን ረሳችው? አንዱ ለወገብ፣ አንዱ ለራስና ለትከሻ። ነጠላውን የሚሰጥሽ ሰው ወገብሽን ሸፍኚ፣ ራስሽ የራስሽ ጉዳይ ነው እንዳለሽ ነው። ያውም ለዒድ።

  ከዚያ ቢ ቲማ በዚያ በቀጭን ድምፅዋ፦

«ልጄ፣ ላሊ ሚስቱንም ግማሿን ነው ያገባት?»

ሳቁ እስከ ጀልባዎቹ ድረስ ተሰማ። አንዷ ተቀብላ «ግድ የለም፣ እኛም ግማሽ ድምፅ እንሰጣለን» አለች። ሌላዋ ጫፉን ዘርግታ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ውሃው የሁላችን፣ ወረፋው የሁላችን። ጨርቁ ግን የላሊ።» ሻምሳ ፊቷ ሲቀላ አየሁት። ላሊ ማይክራፎኑን ያዘ፣ «እህቶቼ፣ እህቶቼ» አለ፤ የሰማው የለም። ሌሶዎቹ እየተጣጠፉ ሣጥኑ ላይ ተመለሱ። ተወርውረው ቢሆን ይሻለው ነበር። ተጣጥፈው።

እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር በምላሴ ዞሮ አያውቅም። በሕይወቴ አያውቅም።

ምዋናኮምቦ በሴቶቹ መሐል እየተሽሎከለከች «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያላየሁት፣ በኔ ላይ አድርጉት» ስትል ነበር። ማንም እሷን አልሰደበም። ትከሻዋን እየነኩ አለፉ። ያ ነው የከፋው።

ጁላይ 10፣ እሁድ

በዓሉ አለቀ። አንዲት ሴት እንኳ ሌሶውን ለብሳ አላየሁም። ቧንቧው ጋ የኮሚቴው እህት ከፊት ቆማለች። ማንም ምንም አላላትም። ዓረፍተ ነገሩን ለመናገር የሚደፍር አፍ የለም፤ ያሳፍራል አሁን።

እኔም አልተናገርኩም።

ጁላይ 15፣ ዓርብ

ምዋናኮምቦ ቤት ለቤት እየዞረች ነው። እግሯ ተላልጧል። በየበሩ ቆማ መርሆቹን በራሷ አፍ ትናገራለች። ዛሬ አብሬያት ወጣሁ። አንዷ ቤት፣ በአክብሮት ወንበር አውጥተው አስቀመጡን፣ ሻይ አጠጡን። ባለቤቷ ሁሉንም ሰምታ ሲያበቃ፦

«የምትይው ጥሩ ነው፣ ልጄ። ግን ሌሶውን የሰጠኝን እጅ አይቻለሁ።»

«እጁ የኔ አይደለም» አለች ምዋናኮምቦ።

«ታዲያ የማን ቤት ውስጥ ነሽ?»

ወጣን። መንገድ ላይ «ልክ ናት» አለች። «ሰው መርህ የሚያነበው ከምትሰጪው ነገር ላይ ነው። አርባ ገጽ ሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ነው።» ይሄን ያስተማርኳት መሰለኝ መጀመሪያ። አላስተማርኳትም።

ጁላይ 23፣ ቅዳሜ

ይሄን ደብተር ወደኋላ ገልጬ አነበብኩ። አንድ ነገር ላስተካክል።

ለሙቲንዳ «እናንተ ታውቃላችሁ» ብቻ አይደለም ያልኩት። «ሴቶቻችን ይደሰታሉ፣ ለብዙ ሰው ይዳረሳል» ብዬዋለሁ። ብዬዋለሁ እንግዲህ። ምንድነው ታዲያ? የጠየቀኝ አማካሪነቴን ነው፤ አማካሪነቴን ደግሞ ግድግዳው ላይ ገድለውታል። የሞተ ሰው ቢሳሳት ማን ይወቅሰዋል?

ስሌቴ ትክክል ነው። ምቶንዶኒ ከወደቀች አምስት አይሞላም። አምስት ካልሞላ ወንበሩ የለም። ሻምሳ ቁንጅና ቤቷ ትመለሳለች፣ ላሊ ለሚስቱ ምን እንደሚላት ያያል። ምዋናኮምቦ ደግሞ ገና ልጅ ናት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ምርጫ አለ። ዓሣዋም አለ። ሦስት ልጆቿም አሏት። እኔ ምን አለኝ?

ኦገስት 1፣ ሰኞ

ሆዴን ያመኛል። ከጨው ነው መሰለኝ።

ኦገስት 9፣ ማክሰኞ

መረጥን። ከጎህ ቀድሜ ተሰለፍኩ። ከፊቴ ምዋናኮምቦ ነበረች። እንደማንኛውም ሰው ሁለት ሰዓት ቆመች፤ «ተወዳዳሪ ናት፣ አስቀድሟት» ያለ ሰው ነበር፣ እንቢ አለች። ሴቶቹ አይተዋል። አንዳንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ለእሷ መረጥኩ። እጄ ራሱ ሄደ።

ኦገስት 11፣ ሐሙስ

በሠላሳ አንድ ድምፅ ተሸነፈች።

ሠላሳ አንድ። ቧንቧው ጋ በአንድ ጠዋት የሚሰለፈው ሰው ነው።

ኦገስት 12፣ ዓርብ

ከማሊንዲ ማዶ ያለችው፣ ማንም ያላሰባት የገጠር ቀበሌ ፓርቲያችንን መረጠች። አምስት ሞላ። ሻምሳ ገባች።

ላሊ ደወለ፣ ድግስ አለ አለኝ። ስልኩን ዘጋሁና ማድ ቤት ገብቼ ሳህኖቹን በሙሉ አጠብኳቸው። ንጹሕ ነበሩ።

ኦገስት 19፣ ዓርብ

ላሊ ጥፋተኛ አግኝቷል። ሙቲንዳ። «ባህላችንን የማያውቅ ደገኛ» ብለው አባረሩት። ቢሮው ውስጥ እኔ እያለሁ ነው ደብዳቤው የተጻፈው፤ «ሚሺ፣ ምረጪልን እስቲ ቃላቱን፣ እንዳይከፋው» አለኝ ላሊ።

መረጥኩ።

ልጁ ስሜን አልጠራም። ሊጠራ ይችል ነበር። ለምን አልጠራም? አሮጊት ናት ብሎ አዘነልኝ? እንዲህ ያለ ሐዘን ማን ጠየቀው?

ኦገስት 26፣ ዓርብ

ዛሬ ከሰዓት ምዋናኮምቦ መጣች። የተጠበሰ ዓሣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ይዛልኝ። አብረን በላን። ስለ ልጆቿ አወራች፣ ትልቁ ጀልባ ላይ ሥራ ማግኘቱን። እጇን ታጠበች። ከዚያ ልክ የዓሣ ዋጋ እንደምትነግረኝ አድርጋ፦

«ሙቲንዳ ሳይሄድ ሊሰናበተኝ መጥቶ ነበር። የጠየቀሽን ነገረኝ።»

«ምን ጠየቀኝ?» አልኩ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ይሄን ነው ያልኩት።

«ጥንዱን ስለመቅደድ። አንቺ ይደሰታሉ እንዳልሽው። ለዒዱ ዋዜማ አድርጉት ያልሽውም አንቺ መሆንሽን።»

የዓሣውን አጥንት ሳህኑ ጫፍ ላይ ሰበሰብኩ። 

«ሻምሳን ስለጠላሽ ነው?»

«ወረፋዬን ወሰዱብኝ፣ ምዋናኮምቦ። አንቺ ታውቂያለሽ ምን ያህል እንደሠራሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ዝርዝሩ የተለጠፈ ቀን ማታ በሬን ከፍቼ ስጠብቅሽ ነበር። ትመጪያለሽ፣ ‹ከነዚህ ሰዎች ጋር አልሠራም፣ ነይ እንውጣ› ትይኛለሽ ብዬ። ብትዪኝ እወጣ ነበር። ወደቡ ላይ ቆመን ለሴቶቹ እውነቱን እንነግራቸው ነበር፤ መርሁ ማለት እሱ አይደል? አልመጣሽም። ሰው ስጠይቅ እንኳን ደስ አላት ብላለች አሉኝ። ትልቅ ሰው ናት፣ ዋጠችው ብዬ ኮራሁብሽ።»

 ላሊን እየረገምኩ ጀመርኩ፣ ስለ ሻምሳ ሌሶ፣ ስለ ሠርጉ፣ «ቃሌ ነው» ሲል ደረቱ ላይ ስላደረገው እጁ። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። በደንብ ነው የምታዳምጠው፤ ዓይኔን እያየች። ከዚያ ሳህኑን አንስታ አጠበች፣ አስቀመጠች፣ ጫማዋን አደረገች።

«ለሴቶቹ ትነግሪያቸዋለሽ?» አልኳት በሩ ላይ።

«ዓሣዬን እሸጣለሁ እኔ» አለችና ሄደች።

ዋዜማውን ስለመምረጤ የት ነው የጻፍኩት? ደብተሩን ገልጬ ፈለግሁ። «ማን እንዳሰበው እንጃ» ይላል።

ሴፕቴምበር 2፣ ዓርብ

ወደቡ ሄድኩ። መሄድ አልነበረብኝም፣ ሄድኩ። ሴቶቹ «አክስት ሚሺ፣ ጠፋሽ እኮ፣ ወንበርሽን ለዚያች ቀለም ቅብ ሰጡብሽ አይደል፣ አይዞሽ» አሉኝ። ቢ ቲማ እጄን ሳመችኝ። ምዋናኮምቦ ድስቷ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፣ ሰላም አለችኝ፣ ወደ ዓሣዋ ተመለሰች።

ሴፕቴምበር 9፣ ዓርብ

ዛሬም ወደቡ ነበርኩ። ከመጽሔቱ ደብዳቤ መጥቷል፤ አንዲት አንባቢ፣ ወንድሟ እንዴት አድርጎ እንደከዳትና እንዴት ልትከፍለው እንዳሰበች ጽፋልኛለች። መልስ ትፈልጋለች። መልሱን አራት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

ሴፕቴምበር 16፣ ዓርብ

ሴቶቹ በአክብሮት ቦታ ለቀቁልኝ። ሻይ አመጡልኝ። ሲስቁ ዞር ብዬ አያለሁ፣ ሲያንሾካሹኩ ጆሮዬ ይቆማል። ምዋናኮምቦ ዛሬም አልነገረቻቸውም። ነገም ላትነግራቸው ትችላለች። ትነግራቸውም ይሆናል፤ እሷ ናት የምታውቀው።

በቀል የማውቅ ይመስለኝ ነበር።